ከሴት እጅ አይወጣም

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ምንም የተለየ ነገር የለም። ንፋስ፣ አቧራ፣ የአለቃዬ የሳምሳም ስልክ። ባጃጁ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር መግቢያ ላይ «ከዚህ በኋላ መንገዱ ተዘግቷል» ብሎ አወረደኝና በእግሬ ገባሁ። መንገዱ አልተዘጋም ነበር።

ሆዳን ደወለች። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት ወዲያው። «ኢፍራህ ዋላሎ፣ እህቴ፣ ፎቶዬስ?» ሐሙስ፣ ኢንሻአላህ አልኳት። ካገባች ወር አለፋት፣ የሠርጓን አንድ ፎቶ አላየችም። እውነት አላት። ግን እኔስ ስንት እጅ አለኝ? ዲያስፖራው ሁሉ በክረምት መጥቼ ካላገባሁ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። የሴቶችን ሠርግ ብቻ የሚያነሳ ስቱዲዮ ደግሞ በየመንገዱ የለም። ሳምሳም ሥራ ትቀበላለች፣ እኔ አነሳለሁ፣ እኔው ቁጭ ብዬ አስተካክላለሁ። እሷ ስልክ ታወራለች።

ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ያቺን መልእክት አምጥቷል። አፕዴት ዝግጁ ነው፣ አሁን ላስነሳ ወይስ በኋላ? በኋላ። ሳምንቱን ሙሉ በኋላ ስል ነው የከረምኩት። ሥራ መሃል ማን ያስነሳዋል?

ዙህር ሰግጄ ስመለስ ሳምሳም ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች።

«አንድ ነገር መጥቶ አላሠራ አለኝ፣ እሺ አልኩት።»

እሺ አልኩት! ምኑን ነው እሺ ያልሽው? ሳያነቡ እሺ... ስቱዲዮው የሷ ነው፣ ጣቷም የሷ ነው፣ ምን እላታለሁ። መቶኛው ቀስ እያለ ሲቆጥር ትቼው ወደ ቤት ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ጥቁር። ስክሪኑ በሙሉ ጥቁር፣ መሃሉ ላይ አንዲት ነጭ መስመር። ማስነሻ ዲስክ አልተገኘም።

አልተገኘም? የት ይሄዳል? በሰኔ የተገዛ አዲስ ዲስክ እኮ ነው! አሮጌው አንድ ፎቶ ለመክፈት ሲያቃስት ስለኖረ ነው የቀየርነው። የቀየረው የሳምሳም ወንድም አቦኮር ነው፣ ዋሄን ገበያ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። እዚህ ድረስ አስመጥተነው፣ ባዶ ዲስክ አስገብቶ፣ አዲስ ሲስተም ጭኖ ሄደ። አጠገቡ ቆሜ ነው ያሠራሁት። አሮጌውን ዲስክ በእጁ እንኳን አላስነካሁትም፣ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሥራዎቹን በኋላ የገለበጥኩት እኔው ነኝ።

ዛሬ ያየኝ ሁሉ «ዋሄን ውሰጂው» ይለኛል። ዘበኛው ሳይቀር። ዋሄን ውሰጂው፣ አንድ ልጅ አለ፣ ወዲያው ያስነሳልሻል...

እንዴት ነው የምወስደው? በየሠርጉ በሴቶቹ ማታ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ወንድ የሚባል አይገባም። ውስጥ ሒጃብ ይወልቃል፣ ፀጉር ይለቀቃል፣ በመንገድ ቀና ብለው የማያዩ አክስቶች ወገባቸውን ይፈቱታል። ስለዚህ በር ላይ ስልክ ይሰበሰባል፣ ከረጢቱን የምይዘው እኔ። «ካሜራ አንድ ነው፣ እሱም የኔ ነው፣ ከሴት እጅ አይወጣም» እላቸዋለሁ። አምነው ይሰጡኛል። አሁን ያን ሁሉ ፀጉር ተሸክሜ ዋሄን ልሂድና ለማላውቀው ጎረምሳ «እስቲ ውስጡ ምን እንዳለ እይልኝ» ልበለው?

ራሴ ከፈትኩት። ከጎናችን ባለው ክፍል ሙሽሮችን የምታስውበው ውድነሽ፣ የደሴ ልጅ፣ ትንሽ ብሎን መፍቻ ከመቀስ ሳጥኗ ፈልጋ ሰጠችኝ።

«ኢፍሬ፣ ካቃጠልሽው እኔ የለሁበትም።»

«መብራቱን ያዢልኝ እንጂ።»

ዲስኩን ነቀልኩ፣ እፍ አልኩበት፣ መለስኩ። ያው ጥቁር። ገመዱን ቀየርኩ። ያው። ሌላ መሰኪያ ላይ ሰካሁት። ያው ነው!

«ምናልባት ደክሞት ይሆናል» አለች ውድነሽ። ደክሞት! እኔስ?

ይህን ሁሉ በአማርኛ መጻፌ በጀኝ። ድሬዳዋ የተማርኩት ፊደል እዚህ ሀርጌሳ ቤታችን ውስጥ ማንም አያነበውም። ሳምሳምን ዛሬ ምን ምን እንዳልኳት እኔና ፈጣሪ ብቻ እናውቃለን።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ስልኬ ላይ ስንቱን ቪዲዮ አየሁ። ግማሹ «ሲስተሙን እንደገና ጫኑ» ይላል። አፍ ሲቀለው! እንደገና ከጫንኩ የሆዳን ሠርግ ሄደ ማለት ነው። የካሜራዬን ካርድ ለሌላ ሠርግ አጥፍቼዋለሁ። ሌላ ቅጂ የለም። ቅጂ የምይዝበት ሁለተኛ ዲስክ ይገዛ ብዬ ሳምሳምን ከሰኔ ጀምሮ ስንት ጊዜ ለመንኳት? «የሠርጉ ወቅት ይለፍ።» ይኸው፣ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ አገኘሁት። ገና ሲበራ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚገባበት የማሽኑ የራሱ ገጽ አለ። አፕዴቱ እዚያ ያለውን ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት መልሶታል። ዲስክ አለኝ ማለቱን ረስቶ ኔትወርክ ላይ መነሻ ይፈልጋል። ማን ፈልግ አለው? ዲስኩን ከዝርዝሩ አንደኛ አደረግኩት፣ አስቀመጥኩ፣ አስነሳሁ።

ተነሳ! እልል ልል አፌን ከፈትኩ... ሌላ ገጽ መጣ። ይህ ዲስክ ተቆልፏል። መክፈቻ ቁጥሩን ያስገቡ። ቁጥሩ ደግሞ አርባ ስምንት አሃዝ።

የምን ቁልፍ? ማነው የቆለፈው? እኔ ዕድሜዬን ዲስክ ቆልፌ አላውቅም። ሳምሳም የቤቷንም በር ቆልፋ አታውቅም።

ከታች በትንንሽ ፊደል አንድ ነገር አለ። ቁጥሩ የሚገኘው በዚህ ኢሜይል ነው ይልና ሁለት ፊደል አሳይቶ የቀረውን በኮከብ ይሸፍነዋል። ኤ፣ ቢ። የኔ በአይ ነው የሚጀምረው። የሳምሳም በኤስ። ኤ ቢ... ኤ ቢ ማነው?

አቦኮር።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ጠዋት መጣ። በር ላይ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሰላምታ አቅርቦ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ገባ። ጨዋ ልጅ ነው ይሉታል ሁሉም።

«ኢሜይልህ እኛ ኮምፒውተር ላይ ምን ይሠራል?»

«ሲስተሙን ስጭን ያለ ኢሜይል አላሳልፍ አለኝ። ሳምሳምን ብጠይቃት አንተው ጨርሰው አለችኝ።»

«እኔ?» አለች ሳምሳም። «እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ።»

ስለዚህ የራሱን አስገባ። ማሽኑ ባለቤቱ እሱ ነው ብሎ መዘገበው። ለደህንነት ብሎ ዲስኩን በራሱ ቆለፈ፣ ቁልፉንም ለባለቤቱ ላከ። አፕዴቱ ማሽኑን ሲነካካው ደግሞ ሌባ የገባበት መስሎት ቁልፉን ጠየቀ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ብሎን ስቆጥር፣ ኢሜይሉን ማን አየ?

ቁጥሩን ከስልኩ እያነበበልኝ አስገባሁ። ተነሳ። የሆዳን ሠርግ እንዳለ አለ፣ አንድም አልጎደለም። አልሐምዱሊላህ ብዬ ወንበሬ ላይ ተዘረጋሁ። እዚያ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት?

ታች ጥግ ላይ ትንሽ የደመና ምልክት አለች። ሁሌም ነበረች። «ቦታዎ ሞልቷል» ትለኛለች፣ እዘጋታለሁ። ዛሬ ጫንኳት። የአቦኮር ኢሜይል።

ዴስክቶፑ ላይ የማስቀምጠው ሁሉ በኢንተርኔት ወደ እሱ ሳጥን ሲገለበጥ ነበር፣ ሳጥኑ እስኪሞላ። የድሮዎቹን ሥራዎች ሌላ ቦታ ነው የገለበጥኩት፣ ዴስክቶፑ ላይ መጀመሪያ ያስቀመጥኩት የማንን ነው? የሆዳንን።

«ስልክህን ስጠኝ።»

ሰጠኝ። አላንገራገረም። ከፈትኩት። ሆዳን አለች፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ። እናቷ ስትጨፍር አለች። አክስቶቿ፣ ጓደኞቿ፣ በር ላይ ከረጢቴ ውስጥ ስልካቸውን የከተቱት በሙሉ... እዚያች ጣት የሚያህል ስንጥቅ ያለባት ስልክ ውስጥ።

«ታውቅ ነበር?»

የጫማውን ጫፍ ያያል።

«አቦኮር፣ ታውቅ ነበር ወይ?»

«ስልኬ ትውስታዎችህ ብሎ አመጣልኝ። ወላሂ ዘጋሁት። ስልኩን ገለበጥኩት።»

«መቼ?»

«ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ምን ብዬ? የሰው ሚስት ፀጉር አየሁ ብዬ ለእህቴ ልንገራት?» ፊቱ ቀላ። «አፈርኩ።»

እዚያው ቁጭ አድርጌ አስደመሰስኩት። ከስልኩም፣ ከሳጥኑም፣ ከቆሻሻ መጣያውም። ኢሜይሉን ከማሽኑ አወጣሁ። ሳምሳም ዳር ቆማ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። ሆዳን ሁለት ጊዜ ደወለች። ማሽኑ ተበላሽቷል አልኳት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ሥራ የለም። ቀኑን ሙሉ ስቃጠል ዋልኩ።

አፈርኩ አለ። አፈርኩ! ያን ዕለት አፉን ቢከፍት በዚያው ሳምንት ይቆም ነበር። አንድ ቃል ነው። «እህቴ፣ ኢሜይሌን ከማሽናችሁ አውጡት።» የፀጉር ነገር ማንሳት አያስፈልገው፣ ሆዳንን መጥራት አያስፈልገው። እሱ ግን ዓይኑን ሰበረ፣ አፉንም ዘጋ፣ ፎቶው መግባቱን ቀጠለ። ጨዋነት ይሄ ነው? ለማን ነው የታፈረው? ለሆዳን ነው ወይስ ለራሱ?

ደግሞስ ዘጋሁት ያለው እውነት ነው? ስልክ እንደዚያ ያለውን ነገር አንድ ቀን አምጥቶ አይተውም። ሌላውንም ጊዜ ዘጋው? ብጠይቀው ይምላል። ከማለ በኋላ ምን ልለው ነው?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ከሳምሳም ጋር ተጣላን።

«ጠፍቷል፣ አልቋል» አለችኝ። «ፎቶዋን ስጫትና ትሂድ። ምን ብለን ነው የምንነግራት?»

«የሆነውን።»

«ትዳሯን ልታፈርሺ ነው? ባሏ መሀድ ቢሰማ ምን ይላል?»

«መሀድን አይደለም የምነግረው። ሆዳንን ነው።»

«የኔስ ስም? ከዚህ በኋላ ሠርግ ማን ይጠራናል? ወንድሜስ? ሊያጭ ነው እኮ ኢፍራህ፣ የልጅቷ ቤተሰብ እሺ ብሏል!»

ሊያጭ ነው። እና እኔ ምን ልሁን? ስጦታ ልግዛ?

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰትር፣ መሸፈኑ ነው የሚሻለው። አላህ የሸፈነውን አንቺ አትግለጪ።»

ይህቺ አንጀቴን አሳረረችው። ምኑ ነው የተሸፈነው? የሆዳን ፀጉር ሲጋለጥ ማንም አልሸፈነውም! የተሸፈነው የአቦኮር ነውር ነው፣ የሷ «አንተው ጨርሰው» ነው። በሃይማኖት ስም ወንድሟን ታለብሳለች። አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኳት፣ ውጭ ድረስ ተሰማ።

ውድነሽ ሰምታለች። የአንዲት ልጅ ፀጉር እየጠቀለለች ነበር፣ ልጅቷ አማርኛ አትሰማም።

«እኔን ከጠየቅሽኝ» አለች፣ «እኔ ብሆን ማወቅ አልፈልግም። ምን ያደርግልኛል?»

ጥቂት ጠቀለለች።

«አይ፣ ውሸቴን ነው። ሰውየው አይቶኝ፣ እኔ ሳላውቅ በመንገድ ሰላም ሲለኝ? ሰላም ስለው? አይ ኢፍሬ፣ ይሄስ ያመኛል።»

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ሆዳን ደጋግማ ደወለች። አላነሳሁም። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ አየሁት... የተገለበጠውን ስልክ። እኔም እንደሱ ሆንኩ እኮ!

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ሆዳን ቤት ሄድኩ። መሀድ ሥራ ላይ ነው። ሻይ በወተት አቀረበች፣ ሐልዋ አቀረበች፣ ፎቶዋን ያመጣሁላት መስሏት እጅ እጄን ታያለች። ስትስቅ አሳዘነችኝ። ቶሎ ልገላገል ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ኢሜይሉን፣ ደመናውን፣ ስልኩን፣ መደምሰሱን። የማንም ስም አልደበቅሁም።

«ፀጉሬ ይታያል?»

«አዎ።»

«እናቴስ?»

«ስትጨፍር።»

ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «የእናቴን ስልክ ከእጇ የተቀበልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ ቆሜያለሁ። ስጫት፣ ኢፍራህ ናት አልኳት።»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?» ጮኸች። «ደምስሰሽዋል አይደል? ለምን ነገርሽኝ? ላንቺ እንዲቀልልሽ ነው? አንቺ አውርደሽ እኔ ልሸከመው?»

ብርጭቆዬን ከብርጭቆዋ አጠገብ አስቀመጥኩ።

«ውጪልኝ።»

ወጣሁ። በር ላይ ጫማዬን አጠለቅሁ። አስተግፊሩላህ፣ በሷም ተናደድኩ። እውነት ይዤ መጥቼ እንደ ሌባ መባረር! መንገድ ላይ ስደርስ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ። እሷ ምን አጠፋች? አንድ ቀን ፀጉሯን ፈትታ ጨፈረች፣ በቃ። ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ቤት ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ሳምሳም፦ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ።»

እንዴት እንደሰማች አላውቅም። ሀርጌሳ ናት። ኢሜይሉን ያስገባው እሱ፣ ጨርሰው ያለችው እሷ፣ የተባረርኩት እኔ! ሃያ ጊዜ ብቆጥረው ያው ነው የሚመጣልኝ። ካሜራው የራሴ ስለሆነ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። የሆዳን ሠርግ ማሽኑ ውስጥ ቀረ፣ ማሽኑ የሳምሳም ነው።

ውድነሽ መስተዋቶቿን ታያለች። «ያንን የጥጉን ባነሳው አንድ ጠረጴዛ ይገባል» አለች።

«ለምን?»

«ላንቺ ነዋ። ቆመሽ ልትሠሪ ነው?»

አለቀስኩ። በንዴት ነው ብያታለሁ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

አቦኮርን ዋሄን ገንዘብ መንዛሪዎቹ ጋ አየሁት። መሬት መሬት እያየ ሊያልፈኝ ሲል እኔ ግን ፊቱን ሙሉ አየሁት፣ ቆሜ። ይየው፣ መታየት ምን እንደሚመስል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ውድነሽ ጋ ጥጌ ላይ ተቀምጬ ካሜራ ስጠርግ ሳምሳም በሩ ላይ ቆመች። ከዚያን ቀን ወዲህ ዛሬ ገና አናገረችኝ።

«ሆዳን መጥታለች። ኢፍራህ ካልመጣች ማሽኑን እንዳትነኪው አለችኝ።»

ልኮራ አሰብኩ። ግን ሆዳን ናት። ሄድኩ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች፣ እናቷ ከጎኗ። በእጇ ፍላሽ ይዛለች። ሰላምታ የለም።

«ሁሉንም እዚህ ላይ ትገለብጪልኛለሽ። ከዚያ ከዚህ ቤት ይጥፋ። መጀመሪያ ግን ልየው።»

ሳምሳም ተከትላኝ ገባች፣ በሩን ቆለፍኩ። ማሽኑን አስነሳሁ፣ አንዴም ሳያንገራግር ተነሳ፣ የማያፍር!

እስኪከፈት ድረስ ሆዳን ራሷ ነገረችኝ። የነበሩትን ሴቶች አንድ በአንድ ደውላ ነግራቸዋለች። «ከሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት ብዬ።» ምን አሉ ብላት ያለቀሰች አለች፣ የሳቀች አለች አለችኝ። አንዷ አክስቷ እስካሁን አላናገረቻትም።

«መሀድስ?»

«ነገርኩት። እሱና አቦኮር ተገናኝተው ተነጋገሩ፣ ሽማግሌ ጨምረው። ተስማሙ አሉ። ምን ብለው እንደተስማሙ ግን የነገረኝ የለም።» ጥርሷን ነከሰች። «ስለ እኔ ፀጉር!»

ከዚያ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። እናቷ ራሷን ስትጨፍር አይታ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። ሆዳን አልሳቀችም። አሳልፊ፣ አሳልፊ ትላለች። አንዱ ጋ ስንደርስ እጇን አነሳች።

«እዚህ ላይ ቁሚ።»

ራሷን ወደ ኋላ ጥላ የምትስቅበት ነው። ፀጉሯ ተፈትቷል፣ ዓይኗ ተዘግቷል፣ ከኋላዋ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። ካነሳሁት ሁሉ ይኼኛው ይበልጣል፣ ያን ማታ ሳነሳውም አውቄዋለሁ።

«ቆንጆ ነበርኩ» አለች።

«ማሽአላህ» አለች ሳምሳም ከኋላ።

ሆዳን ዞር ብላ አላየቻትም።

«ወር ሙሉ ለምኜ ዛሬ ገና አየሁት» አለች። «እሱ ከኔ በፊት አየው።»

ሳምሳም በሩን ከፍታ ወጣች። እናትየዋ የልጇን እጅ ያዘች። እኔ ማውሱ ላይ እንደተደገፍኩ ቀረሁ። ይቅርታ አልኳት፣ ለምኑ እንደሆነ ሳላውቅ። ከዚያ ቀጣዩን ልክፈት ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ክፈቺ» አለችኝ። «በሩን ግን መልሰሽ ቆልፊው።»